ያሳደግኩት ልጅ ሊድረኝ

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ነስሮ ተኝቶ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እኔ ጓዳ ገብቼ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ እቀሰቅሳለሁ።

"አንተ ተነስ፣ እንግዳ መጥቷል።"

"ማንን ብሎ?" አለኝ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

"አንተን ብሎ። ልትድረኝ ነው።"

አትሳቁ፤ ወላሂ ቃል በቃል ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሐዲያ እባላለሁ። ኤረር በር አጠገብ ቅመም እሸጣለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው፤ ቀንሰው የሚገምቱልኝ አሉ፣ አላርማቸውም። አግብቼ አላውቅም። ነስሮ የወንድሜ የዐብዱሰላም ልጅ ነው። ወንድሜ ሲሞት ልጁ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እናቱ ሌላ ባል አግብታ ጅግጅጋ ስትሄድ እኔ ዘንድ ቀረ። ጨርቅ ቀየርኩለት፣ ኩፍኝ ሲይዘው አስታመምኩት፣ ቁርኣን ቤት እየጎተትኩ ወሰድኩት። በመሀል ሦስት ሰዎች ጠይቀውኛል፤ ሦስቱንም "ልጁስ?" እያልኩ መለስኳቸው። በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ አስመረቅኩት። ዲግሪው ግድግዳችን ላይ ለጌጥ ከተደረደሩት ሳህኖች መሀል ተሰቅሏል፤ ባለዲግሪው ከሥሩ ይተኛል።

በሸሪዓው ሴት ልጅ ስታገባ የሚድራት ወንድ ዘመድ ያስፈልጋታል፤ ወሊ ይባላል። አባት ከሌለ አያት፣ አያት ከሌለ ወንድም፣ ወንድም ከሌለ የወንድም ልጅ ነው። የእኔዎቹ ሁሉም አልፈዋል፤ አላህ ይማራቸውና። ተራው ወርዶ ወርዶ ብርድ ልብስ የተከናነበው ላይ ቆመ።

ሽማግሌ የላከው ዓብዱላሂ ይባላል። መኪና ግርግር በሚባለው፣ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ ይሰፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ቁንዶ በርበሬ ገዛኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ያን ሁሉ ቁንዶ በርበሬ ቢበላ ጨጓራው ተቃጥሎ ያልቅ ነበር። ገባኝ፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ፤ ግን ሐሙስ ሐሙስ ጥሩውን ሻርፕ መልበስ ጀመርኩ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አያጣድፍም። ረመዳን ላይ "ድሬዳዋ ያለችዋን ሚስቴን ፈትቻለሁ፣ ብቻዬን ነኝ" አለኝ። እኔስ ብቻዬን ነኝ እንዳልል ነስሮ አለ። ነስሮ ባለበት ቤት ውስጥ ብቻ መሆን እንደሚቻል ግን የደረሰበት ያውቀዋል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ነስሮ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ሁልጊዜ የሚጋደምበት ጥግ ሄዶ ይቀመጣል ስል ቀጥ ብሎ አሚር ነደባ ላይ ወጣ። የእኛ የጀጎል ቤት መቀመጫው ደረጃ ደረጃ ነው፤ አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ብቻ ነው። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። የቤቱን ጣሪያ ያስቀየርኩት እኔ እንኳ አልደፈርኩትም።

"አስቤበት መልስ እሰጣለሁ" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

ካልሲው የት እንዳለ እኔን የሚጠይቅ ልጅ ነው እኮ!

ሦስት ሳምንት አሰበ። የሚያስበው ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ ላይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ትራስ ተደግፎ ጫቱን እየቃመ ነው። እኔ ሱቅ ከፍቼ ሱቅ እዘጋለሁ፤ ለአሳቢው ምሳ እሠራለሁ። ዓብዱላሂ ሐሙስ መጥቶ "ምን አለ?" ይለኛል፤ "እያሰበ ነው" እለዋለሁ። በአርባ ስምንት ዓመቴ እንደ ታጨች ልጃገረድ መሬት መሬት እያየሁ! በመጨረሻ አንድ ቀን እጁን ሳይታጠብ ሩዝ ላይ ቀርቦ "አልፈቀድኩም" አለኝ።

"ምክንያትህ?"

"አይመጥንሽም። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኛ ነጋዴዎች ነን።"

"እኛ? አንተ ደግሞ ምን ሸጠህ ታውቃለህ?"

"ጠባዩንም አጥንቻለሁ።"

"የት?"

"ፌስቡክ ላይ። አበባ ብቻ ነው የሚለጥፈው። ጤነኛ ሰው አይደለም።"

ደሜ ፈላ። ጭልፋውን አስቀምጬ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደግሞ አንቺ ከሄድሽ እኔስ ምን እሆናለሁ?" አለ። እውነተኛዋ ምክንያት ከሩዙ ሥር ብቅ አለች።

በማግስቱ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወጥቼ የሸሪዓ ዳኛው ቃዲ ዘንድ ገባሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አባቴንም ያውቁት ነበር። የሆነውን ስነግራቸው ፂማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

"ወሊ ያለ በቂ ምክንያት ከከለከለ እኔ በእሱ ቦታ ሆኜ ልድርሽ እችላለሁ" አሉኝ። "ክሰሺው።"

"ማንን?"

"ከልካዩን ነዋ፣ ልጄ።"

"ሼኽ፣ ያሳደግኩትን?"

"ያሳደግሽውንም ቢሆን። መጥሪያ ይወጣል፣ ይቀርባል፣ ምክንያቱን ይናገራል።"

መጥሪያው ላይ ከላይ የእኔ ስም፣ ከታች የእሱ ስም፣ መሀል ላይ "ከሳሽ" እና "ተከሳሽ" የሚል ታየኝ። ችዬም አልችለው። "ጀዛከላህ" ብያቸው ወጣሁ።

ከሱቄ ጎን ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ ገላነሽ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ክርስቲያን ናት፤ አፏ ግን ሃይማኖት የለውም። ሁሉንም ነገርኳት።

"ቆይ፣ ጨርቅ የቀየርሽለትን ልጅ ነው 'ፍቀድልኝ' ብለሽ የምትለምኚው?" አለችኝ።

"ሕጉ ነው፣ ገላነሽ።"

"ሕጉን ምን አልኩት! ጠባቂሽ ነው ካላችሁ ይጠብቅሻ! ያብላሽ፣ ያጠጣሽ፣ ይላላክልሽ። አንቺ ምን ቤት ነሽ?"

እስቲ ይህን እንዴት አላሰብኩትም?

በማግስቱ ሱቅ አልሄድኩም። ገላዬን ታጥቤ፣ ጥሩ ድሪያ ለብሼ፣ ሳሎን ተቀመጥኩ። ነስሮ አምስት ሰዓት ላይ ዓይኑን እያሸ ወጣና "ቁርስ የለም እንዴ?" አለ።

"አንተን እየጠበቅኩ ነው፣ ወሊዬ። ሱቅ ልሄድ ነበር፤ ሳላስፈቅድህ መውጣት ፈራሁ።"

መጀመሪያ ሳቀ። ከሰዓት ላይ በርጫው ሲጀመር ደወልኩለት። "ወሊዬ፣ ሽንኩርት አልቋል፤ ገበያ ልውጣ ወይስ አንተ ታመጣለህ?" ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ደወልኩ። "ወሊዬ፣ አንድ ሰውዬ በር እያንኳኳ ነው፤ ማነህ ብዬ ልጠይቀው?" ያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ጓደኞቹ ስልኩ በጮኸ ቁጥር "ወሊዬ!" እያሉ ይንጫጩ ጀመር፤ ስሙ ሆኖ ቀረ፣ ዛሬም ይጠሩታል።

ሩዝ ሲቀቅል ድስቱ አረረ። ሱቁን ሊከፍት ሄዶ አንዷ ሁልበት፣ የአብሽ ዱቄት ማለት ነው፣ ስትጠይቀው እርድ ሸጠላት፤ ሴትዮዋ መረቁን ይዛ እየጮኸች ተመልሳ መጣች፤ ገላነሽ ናት ገላግላ የላከቻት። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት ሲከትፍ ጣቱን ቆረጠው። ሲያሻው፣ እፍ ሲለው ሳይ ተነስቼ ላስርለት ስል የገላነሽ ፊት ትዝ አለኝና ተመልሼ ቁጭ። በሰባተኛው ቀን እኔ የንጋቱን ሱብሒ ሰግጄ ስጨርስ እሱ ልብሱን ለብሶ የሱቁን ቁልፍ ይፈልጋል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

በአሥረኛው ቀን የተፈጨውን ዱቄት ከወፍጮ ተሸክሞ ገባና በሩ ላይ ጣለው። "አቦ በቃ! አግቢው! ውሰጂው! ነገ እድርሻለሁ!" አለ። ያኔውኑ ሽማግሌዎቹ ጋ ደውሎ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዘ።

እዚህ ላይ ብንጨርሰው ምን ነበረበት? የእኔ ነገር! ድሉ ጣፈጠኝ።

"እንዲህማ አይሆንም" አልኩት። "ፍየል ነው እንዴ የምትሸጠው? ወሊ ከመዳሩ በፊት ያጣራል። ሰውዬው ከማን ጋር ኖረ፣ እንዴት ተለያየ ብሎ ይጠይቃል። ድሬዳዋ ሄደህ ጠይቀህ ና።"

ሰውዬውን ጠርጥሬው አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ልጅ በወግ በማዕረግ እንድዳር ፈልጌ ነው። ደግሞም ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበት ልጅ አንድ ነገር ከጀመረ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ላየው አማረኝ። ሰኞ ጠዋት ሚኒባሱ ድረስ ሸኘሁት፤ ለመንገድ ሳምቡሳ ቋጠርኩለት። በገዛ እጄ።

ከዓስር ሰላት በፊት ተመለሰ። አሚር ነደባ ላይ አልወጣም፤ ከታች እኔ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

"አገኘሃት?"

"አገኘኋት። ጀናት ትባላለች።"

"መፈታቷን ነገረችህ?"

"ፈትቷት ነበር። ረመዳን ላይ በስልክ 'ፈትቼሻለሁ' አላት። ዒዳዋን መቁጠር ጀመረች።"

ዒዳ የተፈታች ሴት ሌላ ባል ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ ነው፤ ሦስት የወር አበባ። ያ ሳያልቅ ባልየው "መልሼሻለሁ" ካለ ትዳሩ እንደነበረ ይቀጥላል። ሴትዮዋ እሺ ማለት አይጠበቅባትም።

"ከዒድ በኋላ መጥቶ ምሳ በላ" አለ ነስሮ። "ከዚያ 'መልሼሻለሁ' አላት። የሚታጠብ ሸሚዙን ትቶላት ሄደ። ከአራት ዓመት በፊትም እንዲሁ ፈትቶ እንዲሁ መልሷታል። ስለ አንቺ አታውቅም ነበር፤ ከእኔ ነው የሰማችው።"

"ምን አለች?"

"ምን ትላለች፣ አዴ?" አለ፤ አዴ እናቴ እንደ ማለት ነው፣ ከልጅነቱ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ምሳ አቀረበችልኝ።"

አያችሁ፣ ሰውዬው አልዋሸኝም። ረመዳን ላይ ፈትቻለሁ ሲለኝ እውነቱን ነው። ሲፈታ ነገረኝ፤ ሲመልስ ረሳው።

"ሐራም አልሠራም" አለ ነስሮ ቃላቱን እየመረጠ። "ሸሪዓው ሁለተኛ ሚስት ይፈቅድለታል። ግን ደብቆሻል። አጣራ አልሽኝ፣ አጣራሁ። አሁንም ከፈለግሽው ቃሌን አላጥፍም፤ ሐሙስ እድርሻለሁ።"

በዚህ ልጅ ልኮራበት የሚገባኝ ሰዓት ነበር። ጫማዬን ወረወርኩበት።

"ቀንተህ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሩዝህ ስለሚያርርብህ ነው! ውጣልኝ!" ጫማውን አንስቶ ከሌላኛው ጎን አስተካክሎ አስቀመጠልኝና ወጣ።

ዓብዱላሂን ለምን አልጠየቅሽውም ትሉኝ ይሆናል። ከጠየቅኩት ይመልስልኛላ! ከመለሰልኝ ደግሞ መወሰን ሊኖርብኝ ነው። ማክሰኞን ሙሉ ሰበብ ስፈልግለት ዋልኩ። ረስቶ ይሆናል፤ ፈርቶ ይሆናል፤ ሊነግረኝ ቀን እየመረጠ ይሆናል። ጀናትንም ተቆጣኋት፤ ሸሚዙን ለምን ታጥብለታለች? ከዚያ ደግሞ አሳዘነችኝ፤ ካሳዘነችኝ በኋላ እንደገና ተቆጣኋት። አዎ፣ እወደው ነበር። ምን ላድርግ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስን ጠብቄያለሁ።

ረቡዕ ዕለት ነስሮ ቃዲው ዘንድ ሄዶ የኒካሑን ሥርዓት ተምሮ መጣ። ስልኩ ላይ ጽፎታል፤ እያነበበ ያስረዳኛል። ከኒካሑ በፊት ከሁለት ምስክሮች ጋር እኔ ያለሁበት ክፍል መጥቶ መፍቀዴን ይጠይቀኛል። "አግብታ የምታውቅ ሴት በአፏ መናገር አለባት" ብሎ አነበበ። "አግብታ የማታውቅ ልጃገረድ ግን ስለምታፍር ዝም ካለች ዝምታዋ ፈቃድ ነው።" ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ልጃገረድ ነሽ ማለት ነው" አለ። ሳቅ አመለጠው፤ እኔንም አመለጠኝ። ከሰኞ ወዲህ የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ግን ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ዝምታ ይበቃል። እሺ ማለት የለብኝም! የማውቀውን እያወቅኩ በአፌ "አዎ" አልልም፤ ዝም እላለሁ፣ ሕጉ ራሱ ያገባልኛል። ነገ ጀናት ብትወቅሰኝ "እኔ ምን አልኩ?" እላለሁ። ነገ ዓብዱላሂ ቢፈታኝ "መቼ እሺ አልኩ?" እላለሁ። እንዲህ ያለ የተመቸ መንገድ እያለ ዕድሜ ልኬን ስለፈልፍ መኖሬ ገረመኝ።

ሐሙስ ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ ሳሎን ነደባዎቹ ላይ ተደረደሩ። እኔ ሙሽራ የምትቀመጥባት ጠባብ የጎን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ በመሀላችን መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ዓብዱላሂ ራሱ የሰፋልኝን ቀሚስ ለብሻለሁ። ሳይለካኝ ነው የሰፋው፤ ጥርት ብሎ ልክ ሆኖኛል። ገላነሽ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛለች። ስለ ድሬዳዋው ነግሬያታለሁ።

ነስሮ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጋረጃው ሥር መጥቶ ቆመ። "ሐዲያ" አለኝ፤ በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። "ዓብዱላሂ እንዲያገባሽ ትፈቅጃለሽ?"

ዝም አልኩ።

"ማሻአላህ" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። "አፍራለች። ሐያእ፣ እፍረት ጥሩ ነው። እንሂድ።"

ነስሮ አልተነቃነቀም። "አልመለሰችም" አለ።

"ልጃገረድ አይደለች እንዴ? ዝምታዋ ፈቃዷ ነው።"

"ሕጉን አውቀዋለሁ፣ አባባ። እርስዎ ደግሞ አክስቴን አያውቋትም። የወደደችውን ነገር ኤረር በር ሆና ብትናገር እዚህ ይሰማል። አባቴ የሞተ ቀን ብቻ ነው ዝም ያለችው ይባላል።" ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሮ "አዴ፣ በአፍሽ ንገሪኝ። አዎ በዪኝ፣ አሁኑኑ እድርሻለሁ። አይሆንም በዪኝ፣ እኔ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። ዝም ብትዪ ግን አልድርሽም" አለኝ።

ወይ ጉዴ፣ የት ልግባ? የተደበቅኩባትን አንዲት ጥግ መጥቶ ከፈታት። ሁለተኛ ጠየቀኝ። ከአዎና ከአይሆንም የትኛው ቢወጣ እንደሚሻል ወላሂ አላውቅም ነበር። ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ያዳምጣል።

ያን ጊዜ የዓብዱላሂ ድምፅ መጣ። ያው ለስላሳው፣ ያው የማያጣድፈው። "ምን ያቆያችኋል?" አለ እየሳቀ። "እኔን ዝምታዋ ይበቃኛል።"

ጀናትን አይቻት አላውቅም። ግን ያን ሰዓት ምሳ ስታቀርብ፣ ሸሚዝ ስታነሳ አየኋት።

"እኔን አይበቃኝም!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሳሎን ያሉት ሁሉ ሰሙት። "ነስሮ፣ አይሆንም ብላለች በላቸው።"

ሽማግሌዎቹ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" አሉ። ነስሮ ወጣ። "አክስቴ አይሆንም ብላለች" አለ፤ አላጠፈውም፣ አላሳመረውም፣ እንደሰጠሁት አደረሰው። እንግዳው ሁሉ ጫማውን እየፈለገ ሲወጣ የዓብዱላሂን ኮቴ ከሌላው ሁሉ ለይቼ አወቅኩት። ከኋላ ያለውን የቀሚሴን ዚፕ ገላነሽ ስትከፍትልኝ ለዚያ ሰውዬ አለቀስኩለት፤ ያንን ድምፅ ዛሬም እወደዋለሁ።